ነፃ ምርመራ ውድ ነው

«ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ካምቢዮ መውረድ አለበት።»

አዲስ አበባ ውስጥ ማንዋል መኪና የሚነዳ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር አንድ ቀን መስማቱ አይቀርም። የሚያስገርመኝ ከሰማን በኋላ የምናደርገው ነው። ስንት እንደሚያስወጣ እንጠይቃለን። ዋጋውን ሰምተን ፊታችንን እናጠቁራለን። «ኧረ ትንሽ አስተያየት አድርግ እንጂ» እንላለን። ሁለት ሦስት ሺህ ብር ይቀነስልናል። ከዚያ ቁልፉን አስረክበን በታክሲ ወደ ቤት እንሄዳለን። ግማሽ ሰዓት ሙሉ የተከራከርነው ስለ ዋጋው ነው። ፍሪሲዮኑ እውነት አልቆ እንደሆነ ግን አልጠየቅንም። «በምን አወቅክ?» የሚል ቃል ከአፋችን አልወጣም።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር እንዲህ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ጥገና ከመፍቀዳችን በፊት፣ መኪናው ገና ሳይፈታ፣ ከጥገናው ምንም የማያገኝ ሁለተኛ ባለሙያ ማየት አለበት። ለማየቱም ገንዘብ ልንከፍለው ይገባል። የመጀመሪያውን ግማሽ ብዙ ሰው ይቀበለኛል። የሚያጣላን ሁለተኛው ነው። «ለማየት ብቻ ብር?» ይሉኛል ጓደኞቼ። አዎ፣ ለማየት ብቻ ብር። እንዲያውም መካኒኮችን የምናማበት ነገር ሁሉ የሚጀምረው ይህንን ብር ባለመክፈላችን ነው ብዬ አምናለሁ።

ሐኪም ቤት ስንሄድ ምን እንደምናደርግ አስቡት። ገና ከበር ካርድ እናወጣለን፤ እንከፍላለን። ሐኪሙ ያየናል፣ ላቦራቶሪ ይልከናል፤ አሁንም እንከፍላለን። ውጤቱ «ምንም የለብህም» ቢሆንም ገንዘቤን መልሱ የሚል ሰው አላየሁም። ደስ ብሎን ነው የምንወጣው። መድኃኒት ከታዘዘልንም ወረቀቱን ይዘን ወደ ፋርማሲ እንሄዳለን። ያዘዘውና የሸጠው ሁለት ሰው ነው። ይህ አሠራር ሐኪሞችን ሁሉ መልአክ አያደርግም፤ ግን ሐኪሙ እኛን በማየቱ ብቻ ተከፍሎታልና እንጀራውን ለማብሰል የግድ እንድንታመምለት አይፈልግም።

ጋራዥ ስንሄድስ? ኮፈኑን ከፍተን «እስቲ እየው» እንላለን። መካኒኩ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ጆሮውን ያዘነብላል፣ ከሥር ይገባል። ሃያ ዓመት የለፋበትን እውቀት ነው የሚያወጣው። «ምንም የለውም፣ ሂድ» ካለን ምን እንሰጠዋለን? «እግዜር ይስጥልኝ»። ጨዋ ከሆንን የሻይ መቶ ብር። «ይህ ይቀየራል» ካለን ግን በሺዎች እንከፍለዋለን። እንግዲህ ፍረዱ፤ ይህን ክፍያ የደነገግነው እኛ ነን። እውነት ሲነግረን በባዶ፣ ዕቃ ሲያወርድ በሙሉ እጅ። ሦስት ልጆች ያሉት፣ የቦታ ኪራይ የሚከፍል፣ ሁለት ረዳት የሚያበላ ሰው እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ጥርጣሬ በገባው ቁጥር ወደ «ይቀየር» ቢያዘነብል ምን ያስደንቃል? ሌባ መሆን አያስፈልገውም። ሰው መሆኑ ይበቃል።

ኢኮኖሚስቶች ይህን ከተረዱት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 ማይክል ዳርቢ እና ኤዲ ካርኒ የተባሉ ሁለት አሜሪካ የነበሩ ተመራማሪዎች ከገዛናቸውና ከተጠቀምንባቸው በኋላ እንኳ ጥሩ መሆናቸውን ማረጋገጥ ስለሚያስቸግረን አገልግሎቶች ጽፈው ነበር። ብርቱካን ጣፋጭ መሆኑን ቀምሰን እናውቃለን። የፍሪሲዮን ሸራ መቀየር ነበረበት ወይ የሚለውን ግን፣ ተቀይሮ መኪናው በደንብ ሲሄድ እንኳ አናውቅም። ምናልባት ችግሩ ሌላ ነበር፤ ካምቢዮው ሲወርድ አብሮ ተስተካክሏል። እኛ የምናየው መኪናው መሄዱን ነው። «ጎበዝ መካኒክ ነው» እንላለን፣ ለጓደኞቻችንም ስልኩን እንሰጣለን። ምን እንደሚያስፈልገን የሚነግረንና የሚሸጥልን አንድ ሰው ሲሆን፣ የተጭበረበርነውም ያልተጭበረበርነውም እኩል እናመሰግናለን።

ነገሩ የቅንጦት ክርክር እንዳይመስል ስለ ገንዘቡ ትንሽ ልበል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። መለዋወጫ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ሶማሌ ተራ ወርዶ ዋጋ የጠየቀ ሰው የቀረውን ያውቀዋል። ከዚያ በፊት በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሎ ነበር፤ በ2016 ጥር ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። «ይህችን አሮጌ ሸጬ ሌላ እገዛለሁ» የሚባለው ነገር ለብዙ ሰው ሕልም ሆኗል። ያለችንን መኪና ጠግነን መንዳት ነው ዕጣችን። በዚህ ጊዜ አንድ የተሳሳተ «ይቀየር» የሰውን የሁለት ሦስት ወር ደመወዝ ይበላል።

አሁን ወደ ፍሪሲዮኑ እንግባ። የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ከጣሊያን የቀረ ነው፦ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚኒ። ቃላቱን ሁላችንም እንላቸዋለን፤ ትርጉማቸውን ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። «ካምቢዮ ይወርዳል» ሲባል እንደ ቀዶ ሕክምና የሚያስደነግጠን ለዚህ ይመስለኛል። የማይገባንን ቃል የሚናገር ሰው ፊት ዝም እንላለን።

ነገሩ ግን ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። ሞተሩ ጫፍ ላይ አብሮት የሚሽከረከር ከባድ ክብ ብረት አለ። እሱ ላይ የሚለጠፍ ሸራ አለ። ሸራውን በኃይለኛ ስፕሪንግ ተጭኖ የሚይዝ ሳህን አለ። እግራችን ፔዳሉ ላይ ካልሆነ ሦስቱ እንደ አንድ ሆነው ይዞራሉ፤ የሞተሩ ጉልበትም በካምቢዮ አልፎ ጎማው ጋ ይደርሳል። ፔዳሉን ስንረግጥ ላይኛው ፖምፓ ዘይት ይገፋል፤ ዘይቱ በቱቦ ወርዶ ታችኛውን ፖምፓ ይገፋል፤ እሱ ሹካውን፣ ሹካው ኩሽኔታውን፣ ኩሽኔታው ስፕሪንጉን ይገፋል። ያኔ ሳህኑ ይላቀቃል፣ ሸራው ነፃ ይሆናል፣ ማርሽ ይገባል። በገመድ የሚሠራ መኪና ከሆነ የዘይቱን ቦታ ገመድ ይይዘዋል።

ስለዚህ ፍሪሲዮን ሁለት ዓይነት በሽታ አለው፤ አለመያዝ እና አለመልቀቅ። ሸራው ሳስቶ ወይም ዘይት ነክቶት ካልያዘ፣ ነዳጅ ስንሰጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን በዚያው ልክ አይፈጥንም። አቀበት ላይ ይብሳል፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ካልለቀቀ ደግሞ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጠንም ማርሽ አልገባም ይላል፣ ይንጫጫል፣ በተለይ አንደኛና የኋላ ማርሽ። ያኔ ብዙ ጊዜ ችግሩ የእግራችን ኃይል ከሸራው ጋ አለመድረሱ ነው፦ ዘይት ፈስሷል፣ አየር ገብቷል፣ የፖምፓው ጎሚኒ አልቋል፣ ገመዱ ላልቷል። አለመያዝን ለመጠገን አብዛኛውን ጊዜ ካምቢዮ መውረድ አለበት። አለመልቀቅን ለመጠገን ግን በብዙ መኪኖች ላይ አንድም የካምቢዮ ብሎን ሳይፈታ ሊያልቅ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት እንደ ሰማይና ምድር ነው። ባለመኪናው ግን ለሁለቱም የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ «ፍሪሲዮኑ አስቸገረኝ»።

አጎቴ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። በኮሮላው ራይድ ይሠራል፤ ጡረታው ቤት ኪራዩን እንኳ አይሸፍንም። ባለፈው ክረምት መኪናው ጠዋት ጠዋት አንደኛ ማርሽ አልገባም ይለው ጀመር። ፔዳሉን ሁለት ሦስቴ ሲያርገበግበው ግን ይገባል። ለአሥራ አንድ ዓመት ደንበኛው የሆነው መካኒክ ነገሩን ሰምቶ፣ አንድ ዙር ነድቶት፣ «ጋሽዬ፣ ሸራው አልቋል፣ ካምቢዮ ይወርዳል» አለው። ሸራው፣ ሳህኑና ኩሽኔታው አንድ ላይ 36,000 ብር፣ የእጅ 9,000። በድምሩ 45,000 ብር። አጎቴ ከዕቁብ ሊበደር ተነሳ።

እኔ የተማርኩት ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው፤ የምበላው ሶፍትዌር ጽፌ ነው። መካኒክ አይደለሁም። ግን በሥራዬ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ደንበኛ «ሲስተሙ አይሠራም» ሲል ሲስተሙን አፍርሶ እንደ አዲስ የሚጽፍ የለም። መጀመሪያ «አሳየኝ» ይባላል። መቼ ነው የሚበላሸው? ምን ሲደረግ ይስተካከላል? ምልክቱ ከተባለው ምክንያት ጋር ይሄዳል ወይ? ፔዳሉ ሲርገበገብ ማርሹ የሚገባ ከሆነ፣ ያለቀ ሸራ በእርግጫ ብዛት አይወፍርምና ነገሩ ሌላ ነው። እርግጫው እየሞላው ያለው ዘይቱን ነው።

«ሌላ ሰው ይየው» አልኩት። አጎቴ እንደ ነውር ነው የቆጠረው። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እጁን ያልነፈገኝን ልጅ? ነገ በየት ዓይኔ አየዋለሁ?» ከብዙ ንዝነዛ በኋላ ቄራ አካባቢ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ሄድን። ሥራውን እንደማንሰጣቸው፣ ለማየት ብቻ 800 ብር እንደምንከፍል ቀድሜ ነገርኳቸው። መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላቸው። ያ ሌላ መካኒክ ምን እንዳለ ግን አልነገርኳቸውም። መኪናውን አቀበት ላይ ነዱት፤ ሸራው አጥብቆ ይይዛል። የዘይቱን ዕቃ ከፈቱ፤ ወርዷል። ከሥር ገብተው በባትሪ አዩ፤ ታችኛው ፖምፓ ዙሪያውን ረጥቧል። «ፖምፓው ነው። ሸራው ገና ይሠራል» አሉ። አርባ ደቂቃም አልፈጀም።

አጎቴ ይህን ይዞ የት የሄደ ይመስላችኋል? ተመልሶ ወደዚያው ወደ ራሱ መካኒክ። «እስቲ ልጄ፣ ታችኛውን ፖምፓ እየው» አለው፤ ሌላ ምንም አላለም። ልጁ ከሥር ገብቶ ወጣና «ውይ ጋሽዬ፣ ይቺማ ቀላል ናት» አለ። ፖምፓው 4,200 ብር፣ የእጅና የዘይት 1,300። ከምርመራው ጋር 6,300 ብር። መኪናው እስከ ዛሬ ይሄዳል፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ ይጠያየቃሉ።

ይህን የምተርከው መካኒኩን ለመክሰስ አይደለም። በዚያ ቀን ግቢው ውስጥ ስድስት መኪና ቆሞ ነበር፤ አጎቴ የመጣው በነፃ ሊያሳይ ነው። ከሥር ገብቶ ጊዜውን የሚያጠፋበት ምክንያት አልነበረውም። «ፍሪሲዮን» ሲባል ሰማ፣ በጣም የተለመደውን መልስ ሰጠ። 800 ብር ቀድሞ ቢከፈለው እሱ ራሱ ያየው ነበር ብዬ አስባለሁ። ሁለተኛው ሰው የበለጠ አዋቂ ስለሆነ አይደለም ያገኘው፤ እንዲያይ ስለተከፈለው ነው።

እንግዲህ ወደ ትልቁ ጠላታችን ወደ ይሉኝታ እንምጣ። መካኒኩ ይቀየማል ብለን 40,000 ብር እንከፍላለን። ይህ ጨዋነት ይመስለናል። የኛው አባባል ግን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላል። አንዱ ደካማ ነው አላለም፤ ብርቱ ነው እያለ ነው ሁለት ይሁን የሚለው። ለልጃችን ጋብቻ ሽማግሌ ስንልክ አንድ ሰው አንልክም። ቤት ስንገዛ አንድ ምስክር አናቆምም። እኔ የምጽፈውን ኮድ ሌላ ሰው ሳያነበው ወደ ሥራ አይገባም፤ በየቀኑ ስሕተት ይገኝበታል፣ ማንም እንደ ስድብ አይቆጥረውም። ታዲያ ጋራዥ ስንገባ ብቻ ነው እንዴ ሁለተኛ ዓይን ስድብ የሚሆነው?

ሕጉም ከኛ ጋር ነው። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ደግሞም ጥራቱን ስላየ ወይም ዋጋ ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም ይላል። አዋጁን ይዛችሁ ጋራዥ ግቡ አላልኩም፤ ሳቅ ነው የምታተርፉት። ግን «አይቼ ልመለስ» ማለት ውለታ መለመን እንዳልሆነ ልባችሁ ይወቀው። ሁለተኛ ሰው ይየው ስትሉት የሚቆጣ ባለሙያ ካለ፣ ቁጣው ራሱ መረጃ ነው። ሥራውን የሚያምን ሰው «አሳይ፣ ችግር የለም» ነው የሚለው።

ይሉኝታን ተከትሎ የመጣ አዲስ ነገር ደግሞ አለ፤ «ኮምፒውተሩ ነው ያለው» የሚባለው። የሥራ ባልደረባዬ ቪትዟን ሊያይላት የተቀበለ አንድ ጋራዥ ስካነር ሰክቶ፣ ስክሪኑን እያሳያት፣ ፍሪሲዮኑ ማለቁን «በኮምፒውተር አረጋገጥን» ብሏታል። ይህን ስሰማ በሙያዬ የተሰደብኩ ያህል ተሰማኝ። እንዲህ ባሉ ተራ ማንዋል መኪኖች የፍሪሲዮን ሸራ ላይ ውፍረቱን የሚለካ ሴንሰር የለም። ስካነሩ የሚያነበው የሞተሩ ኮምፒውተር የመዘገበውን ነው፤ ሸራውን ፈጽሞ አያየውም። ሴንሰር ባለበት ቦታ እንኳ ኮዱ የሚነግረን አቤቱታው ከየት እንደመጣ ነው፤ የትኛው ዕቃ እንደሞተ አይደለም። ሴት መሆኗ ነገሩን አባብሶታል። ወንድ ቢሆን ቢያንስ የሚያውቅ መስሎ ይከራከር ነበር፤ እሷ ስትጠይቅ የሚመለስላት «እቱ፣ ይህ አይገባሽም» ነው።

እሷም ሌላ ሰው ጋ ወሰደችው። ውጤቱን ስሙት፦ ሸራው እውነትም አልቋል። በአራተኛ ማርሽ ቆማ ፍሪሲዮኑን ስትለቅ ሞተሩ መጥፋት ሲገባው እያጓራ ቀጠለ። ሁለተኛው ሰው ግን የጨመረው ነገር ነበር፤ ከሞተሩ ጀርባ ካለው የዘይት መከላከያ ጎማ ዘይት እየወረደ ነው፣ ሸራውን ያበላሸውም እሱ ሊሆን ይችላል፣ ካምቢዮው በወረደበት አብሮ ይቀየር አላት። ሒሳቧ ከመጀመሪያው ዋጋ በላይ ሆነ። ባታሳየው ኖሮ አዲሱ ሸራ በዚያው ዘይት ይበላሽ ነበር፤ ካምቢዮውም ሁለተኛ ጊዜ ይወርድ ነበር። ሁለተኛ አስተያየት ሁልጊዜ ርካሹን አይነግረንም። ርካሹን ፍለጋ ከሄድን ደግሞ የሚነግረን እናገኛለን፤ እሱ ሌላ ወጥመድ ነው።

እዚህ ላይ የምናምታታው ነገር አለ። አምስት ጋራዥ እየደወልን «የኮሮላ ፍሪሲዮን በስንት ትሠራለህ?» ስንል ሁለተኛ አስተያየት የጠየቅን ይመስለናል። የጠየቅነው ሁለተኛ ዋጋ ነው። የመጀመሪያውን ሰው ፍርድ እንዳለ ተቀብለን፣ ለአፈጻጸሙ ጨረታ አወጣን ማለት ነው። አጎቴ እንዲህ ቢያደርግ 45,000ው ወደ 38,000 ይወርድለት ነበር፤ ደስም ይለው ነበር፤ የማያስፈልገውን ሸራ በቅናሽ ይገዛ ነበር።

ስለዚህ አሠራሩ ይህ ነው። ለሁለተኛው ሰው ምልክቱን ብቻ ንገሩት፦ መቼ፣ የት፣ ምን ሲደረግ። የመጀመሪያው ምን እንዳለ አትንገሩት፤ ከነገራችሁት የሚያየው መኪናውን መሆኑ ይቀርና የተባለውን ይሆናል። ሥራውን እንደማያገኝ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ዋጋውን ተስማሙ፣ ክፈሉ። «በምን አወቅክ?» በሉት፤ አሳየኝ በሉት። ድምፅ ካለ ልብ በሉ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚመጣ ድምፅ ወደ ፍሪሲዮን ኩሽኔታ ይጠቁማል፤ ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ ደግሞ ወደ ካምቢዮ ውስጥ። የአራተኛ ማርሹን ሙከራ ማድረግ ከፈለጋችሁ ሜዳ ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን፤ መደጋገሙ ራሱ ሸራ ያቃጥላል። ሁለቱ ሰዎች ካልተስማሙ ሁለቱንም የሚያብራራው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ምልክቱን ሁሉ የሚያስረዳ አንድ ምክንያት ካለ እሱን እመኑ።

ይህ ሁሉ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት መሆን አለበት። «ፈትተን እናየዋለን» የሚለው አነጋገር ትሕትና ይመስላል፤ ተፈትቶ መሬት ላይ የተዘረጋ መኪና ግን ሌላ ጋ ተነድቶ አይሄድም። ከተፈታ በኋላ የሚነገረን ማንኛውም ዋጋ ልክ ነው። ካለፈም ደግሞ ቢያንስ የወጣውን ሸራ በዓይናችን እንይ፦ ምን ያህል ሳስቷል፣ ሪቬቶቹ ላይ ደርሷል ወይ፣ ዘይት ነክቶታል ወይ፣ ብረቱ በሙቀት ጠቁሯል ወይ። አሮጌውን ዕቃ ይዘን እንሂድ። ከእቃ ቤት ጥግ ከመቀመጥ በላይ ባይጠቅምም፣ እንደምንወስደው አስቀድሞ የተነገረው ሰው ይጠነቀቃል።

«አንተ ኢንጂነር ስለሆንክ ነው» የሚሉኝ አሉ። ልክ አይደሉም። ሐኪም ለመክሰስ ሳይሆን ሐኪም ለማማከር ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሁለተኛ ሰው የምንቀጥረው ስለማናውቅ ነው። የሚያውቅማ ራሱ ያየዋል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለአጎቴ፣ ለባልደረባዬ፣ ሚኒባሱን በቀን ገቢ ለሚነዳው ልጅ ነው። «ሁለተኛውም ሌባ ቢሆንስ?» ለሚሉኝም መልሴ ያው ነው፤ ከጥገናው የማያገኝ ሰው ለማን ብሎ ይዋሻል? የተከፈለው ለመናገር ነው።

«የኤሌክትሪክ መኪና እየመጣ ነው፣ ፍሪሲዮን ታሪክ ይሆናል» የሚሉኝ ደግሞ አሉ። እውነት ነው፣ ፍሪሲዮን የለውም። ባትሪ ግን አለው፤ ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ ውዱ። ነገ «ባትሪው ደክሟል፣ መቀየር አለበት» ሲባል፣ ከሥር ገብቶ በባትሪ መብራት ረጥቦ እንደሆነ የሚያይልን አዛውንት አይኖርም። ስክሪኑን የያዘው ሰው ያለው ይሆናል። ዛሬ በ800 ብር «በምን አወቅክ?» ማለት ካልለመድን፣ ያኔ አንደበታችን ከየት ይመጣል?

ለመካኒኮቻችንም አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችሁ መጽሐፍ ሳይኖራችሁ፣ ዕቃ ሳይሟላላችሁ፣ የዓለምን መኪና ሁሉ በጆሮና በጣት የምታውቁ ሰዎች ናችሁ። ያንን እውቀት በነፃ እየሰጣችሁ፣ ዋጋውን ከሸራና ከኩሽኔታ ላይ ለማውጣት መገደዳችሁ እናንተንም እኛንም አዋርዶናል። ግድግዳችሁ ላይ ወረቀት ለጥፉ፦ «ምርመራ፣ ይህን ያህል ብር። ብንሠራውም ባንሠራውም ይከፈላል።» የመጀመሪያው ሳምንት ሰው ያጉረመርማል። ከዚያ አንድ ደንበኛ ከፍሎ «ምንም የለውም፣ ንዳው» ተብሎ ይሄዳል፤ በማግስቱ ሦስት ሰው ይዞ ይመጣል።